ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ዘላለማዊው ሰዓት

ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕይወት በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ብዙ ተጽፏል። የታሪክ ሊቃውንት ዘመነ መንግሥታቸውን፣ የውጭ መልእክተኞች ዲፕሎማሲያቸውን፣ ወዳጆቻቸው ቸርነታቸውን፣ ተቃዋሚዎቻቸው ጥፋታቸውን መርምረዋል። ለዓመታዊ መጽሔታችን የተዘጋጀው ይህ ጽሑፍ የሚከተለው መንገድ ግን ከዚህ ጥቂት ለየት ይላል። የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት የሚመለከተው የእርሳቸው ከነበረ አንድ መሣሪያ አንጻር ነው። መሣሪያውም በስዊዘርላንድ አገር፣ በጄኔቫ ከተማ፣ ፓቴክ ፊሊፕ በተባለው ሰዓት ሠሪ ድርጅት የተሠራ፣ በሞዴል ቁጥር 2497 የሚታወቅ፣ ዘላለማዊ የቀን መቁጠሪያ ያለው የወርቅ የእጅ ሰዓት ነው።

መሣሪያን ፈትቶ መመርመር የሙያችን ግዴታ ስለሆነ፣ የማኅበራችን አባላት ይህን ሰዓት ከወርቁና ከዋጋው ይልቅ በአሠራሩ ቢያውቁት ይበልጥ ይጠቀማሉ የሚል እምነት አለ። ከአሠራሩም አንድ ጥያቄ ይነሣል። ዘላለማዊ ተብሎ የተሠራ ነገር ስለ ምን ይቆማል? ጥያቄው ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም ይመለከታል።

የሁለት ዘመን አቆጣጠር ልጅ

የሸዋ ነገሥታት ቤት መነሻው መንዝ መሆኑ የታወቀ ነው። ነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ ደጋ ተነሥቶ የመሠረተው ቤት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ቆይቶ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ላይ ደረሰ። የንጉሡ ልጅ ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ራስ መኰንንን ወለዱ፤ ራስ መኰንንም ተፈሪን ወለዱ። ዛሬ የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ራቤል የምትገኘው በዚሁ ከፍተኛ ደጋ ላይ ነው። በዚያ አገር ያደገ ሰው ቀኑን ለማወቅ በግድግዳ የሚሰቀል መቁጠሪያ አይፈልግም። ሚካኤል ከሆነ ወሩ 12 ቀን ሆኗል፤ ገብርኤል ከሆነ 19፣ ማርያም ከሆነች 21፣ መድኃኔ ዓለም ከሆነ 27 ሆኗል ማለት ነው። ማኅበሩም፣ ዝክሩም፣ የዕዳ መክፈያውም ቀን በዚሁ ይቆጠራል። የቀኑ ሰዓት ደግሞ በዶሮ ጩኸት፣ በፀሐይ መውጣትና የገዛ ጥላን በጫማ በመስፈር ይታወቅ ነበር። ይህ ሁሉ ሊሠራ የቻለው እያንዳንዱ ወር ያለ ልዩነት 30 ቀን በመሆኑ ነው። ወሩ አንዴ 31፣ አንዴ 28 ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ ቀኑን በቃሉ ሊይዘው ባልቻለም ነበር።

ተፈሪ መኰንን የተወለዱት በሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ በተባለው ስፍራ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ነው። ይህ ቀን በዓለም መጻሕፍት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 23 ቀን 1892 ተብሎ ተመዝግቧል። ስሌት የሚወድ አንባቢ ግን አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል። የአውሮፓው ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር 1900 ዓመትን ሠግር አላደረገም፤ የእኛ አቆጣጠር ግን ሠግሩን አልዘለለም። ስለሆነም ከ1900 በፊት በሁለቱ መካከል የነበረው የቀን ልዩነት ዛሬ ከምናውቀው በአንድ ቀን ያንስ ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በትክክል ሲመነዘር ጁላይ 22 ይሆናል። ልደታቸው በሃያኛው ክፍለ ዘመን በየዓመቱ ሐምሌ 16 ቀን ሲከበር ከጁላይ 23 ጋር ይገጥም ስለነበር፣ ይኸው ቀን ወደ ኋላ ተወስዶ በትውልድ ዓመታቸውም ላይ ተጻፈ። ሕይወታቸውን ሙሉ በሁለት አቆጣጠር መካከል የቆሙት ሰው፣ ሁለቱ መቁጠሪያዎች አለመስማማት የጀመሩት ገና በልደታቸው ቀን ነበር ማለት ይቻላል።

እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ዓሊ በሕፃንነታቸው ዐረፉ፤ አባታቸው ራስ መኰንንም በ1898 ዓ.ም. ሞቱ። ወጣቱ ተፈሪ ከአባ ሳሙኤል የአገሩን ትምህርት፣ ከጓድሉፕ ተወላጁ ከዶክተር ቪታሊየን ፈረንሳይኛ ተምረው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አደጉ። በዚያ ቤተ መንግሥት የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለብዙ ዓመታት በአማካሪነት አገልግሎ ነበርና፣ የዚያች ትንሽ አገር የእጅ ጥበብ በአዲስ አበባ እንግዳ አልነበረም። ተፈሪ በ1902 ዓ.ም. የሐረርጌ ገዥ ሆኑ፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተብለው የራስነት ማዕረግ አገኙ። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል አስደረጉ። በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የንጉሠ ነገሥቱን ዘውድ ደፉ።

ጄኔቫ፣ 1928 እና 1947 ዓ.ም.

ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጡ። ሰኔ 23 ቀን በዚያው ዓመት በጄኔቫ ከዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው የአገራቸውን በደል በአማርኛ አሰሙ። የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ፤ ጉባኤው ግን ከማዳመጥ በቀር የሚረባ ነገር አላደረገም። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በባዝ ከተማ የስደት ኑሮ ኖሩ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ይህ ቀን በወጡበት ሰሞን በ5ኛው ዓመት የዋለ፣ የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት መሆኑን ስናስብ፣ ቀን መምረጥን ምን ያህል ያውቁ እንደነበር እንረዳለን።

በ1947 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የአውሮፓን አገሮች በይፋ ሲጎበኙ በኅዳር ወር ስዊዘርላንድ ደረሱ። የጽሑፋችን መነሻ የሆነው ሰዓት በዚያ ጉብኝት የተበረከተላቸው ነው። ከጀርባው ላይ ዘውድና የስማቸው መጀመሪያ ፊደላት ተቀርጸውበታል። ከ18 ዓመት በፊት ያለ ረዳት ከሸንጎው የወጡባት የጄኔቫ ከተማ ሰዓት ሠሪዎች የደከሙበት ሥራ፣ አሁን ለክብራቸው በእጃቸው ላይ ታሰረ።

የሰዓቱ አሠራር

ፓቴክ ፊሊፕ መሠረቱ በ1839 እ.ኤ.አ. የተጣለ ድርጅት ነው። ዘላለማዊ የቀን መቁጠሪያን በኪስ ሰዓት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ግን እንግሊዛዊው ቶማስ ማጅ ሲሆን ዘመኑም 1762 እ.ኤ.አ. ነበር። ፓቴክ ፊሊፕ ይህን ሥራ አሳንሶ በ1925 እ.ኤ.አ. በእጅ ሰዓት ውስጥ አስገባው። ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው 2497 ደግሞ ዘላለማዊውን መቁጠሪያ ከመሐል ከሚነሣ የሰከንድ ጠቋሚ ጋር በተከታታይ ምርት ያጣመረ ነው። ከ12 ቁጥር በታች በሁለት ትናንሽ መስኮቶች የሳምንቱ ዕለትና የወሩ ስም ይታያሉ፤ ከ6 ቁጥር በላይ ባለው ትንሽ ክብ ላይ ቀኑ በጠቋሚ፣ የጨረቃዋም መሙላትና መጉደል በሥዕል ይታያል።

ተራ ባለ ቀን ሰዓት ወሩን ሁሉ 31 ቀን አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ባለቤቱ በዓመት 5 ጊዜ ሊያርመው ይገደዳል። ዘላለማዊው ግን ራሱን ያርማል። የእውቀቱ መዝገብ ካም የሚባል በዙሪያው ጎድጎድ ያለ ትንሽ ክብ ብረት ነው። ይህ ካም በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ዙሪያውም ለ48 ወራት በ48 ተከፍሏል። ለ31 ቀን ወር ዙሪያው ሙሉ ነው፤ ለ30 ቀን ወር ጥቂት ይጎደጉዳል፤ ለሦስቱ የ28 ቀን ፌብሩዋሪዎች በጣም ይጎደጉዳል፤ ለአራተኛው፣ ለ29 ቀኑ፣ ከእነርሱ ትንሽ ይቀልላል። በ24 ሰዓት አንዴ በሚዞር መዘውር የሚገፋ አንድ ማንሻ በየሌሊቱ ይነሣል፤ ጫፉም ካሙን ይዳስሳል። ጉድጓዱ በጠለቀ መጠን ማንሻው ወደ ኋላ ርቆ ይጀምርና በወሩ መጨረሻ ሌሊት 31 ጥርስ ያለውን የቀን መዘውር ከአንድ ጥርስ በላይ ይገፋዋል። ከፌብሩዋሪ 28 ወደ ማርች 1 ሲሻገር በአንድ ሌሊት 4 ጥርስ ይገፋል። ማሰብ የማይችል ብረት፣ አስቀድሞ በተለካ ጥልቀት ብቻ፣ የ4 ዓመቱን 1461 ቀናት ሳይሳሳት ይቆጥራል።

ይኸው ድርጅት ዘላለማዊውን መቁጠሪያ ከክሮኖግራፍ ጋር ያጣመረበት 1518 የተባለው ሞዴል በ1941 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ281 ያህል ቁጥር ብቻ ተሠርቷል። ተተኪው 2499 ነው። ከ1518 ውስጥ ከብረት የተሠራ አንዱ በ2016 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ ጨረታ ከ11 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ አውጥቷል። የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት ክሮኖግራፍ የለውም፤ የሁለቱን አሠራር ማነጻጸር ግን ይጠቅማል። በክሮኖግራፍ ውስጥ የሰከንድ ጠቋሚው የተተከለው የልብ ቅርጽ ባለው ካም ላይ ነው። ቁልፉ ሲጫን ትንሽ መዶሻ ካሙን ይመታዋል፤ ጠቋሚውም የትም ቢደርስ በቅጽበት ወደ ዜሮ ይመለሳል። የቀን መቁጠሪያው ግን ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ወደ ኋላም አይሄድም። ሰዓቱ ሳይሞላ ቆሞ ቀናት ካለፉት፣ በጎኑ የተሸሸጉትን ትናንሽ መግፊያዎች በቀጭን ዘንግ እየነኩ አንድ በአንድ ወደፊት ማስኬድ ያስፈልጋል። ይህም በእኩለ ሌሊት አካባቢ፣ ማንሻው በሥራ ላይ ሳለ ከተደረገ ጥርሶቹን ይሰብራል።

የእኛ አቆጣጠር በዚህ ሰዓት ቢሠራ

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ሰዓት ሲመለከቱ ሦስት ጊዜ መመንዘር ነበረባቸው። ሰዓቱ 7 ሲል ለአገራቸው ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ቀኑ በየወሩ የተለየ ቁጥር ይቀነስለታል ወይም ይጨመርለታል፤ ዓመቱም እንደ ወሩ በ7 ወይም በ8 ይጎድላል። ከዚህ ተነሥቶ በሙያችን ላሉ ሁሉ የሚመች አንድ የንድፍ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። ዘላለማዊው መቁጠሪያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢሠራ ምን ይመስላል?

በመጀመሪያ ሲታይ እጅግ ቀላል ይመስላል። 12ቱ ወራት እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ካሙ ጉድጓድ አያስፈልገውም፤ የሚለየው ጳጉሜን ብቻ ነው። እርሱም በማቴዎስ፣ በማርቆስና በዮሐንስ ዓመት 5፣ በሉቃስ ዓመት መጨረሻ 6 ይሆናል። የአራቱ ወንጌላውያን ዙርና የካሙ ዙር አንድ ዓይነት 1461 ቀን ነው። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ቦታ ይገኛል። የጄኔቫው ማንሻ በከፋው ሌሊት 4 ጥርስ ይገፋል፤ የእኛው ግን ከጳጉሜን 5 ወደ መስከረም 1 ለመሻገር 30 ጥርስ ያለውን መዘውር በአንድ ሌሊት 26 ጥርስ መግፋት አለበት። ይህን ያህል መንገድ በእጅ ሰዓት ውስጥ ላለ ማንሻም ሆነ ለሞላው ጉልበት የሚከብድ ነው። የሚሻለው መፍትሔ የቀኑን ጠቋሚ በነሐሴ 30 አቁሞ፣ ጳጉሜንን በሌላ ትንሽ ክብ ላይ ማስቆጠር፣ ሲያልቅም ዋናውን መዘውር አንድ ጥርስ ብቻ አስገፍቶ ወደ መስከረም 1 ማስገባት ይሆናል። እንዲህ የተሠራ ሰዓት አንድ ብልጫ ይኖረዋል። የጄኔቫው ዘላለማዊ 2100 ሲደርስ የሌለ ፌብሩዋሪ 29 ስለሚያሳይ በሰው እጅ መታረም አለበት፤ የእኛ አቆጣጠር ሠግሩን በየ4 ዓመቱ ያለ ልዩነት ስለሚጠብቅ እንዲህ ያለ እርማት አይሻም። በአንጻሩ ከፀሐይ ዓመት ጋር ሲመዛዘን በ128 ዓመት አንድ ቀን ያህል ይዘገያል። ሁሉም መቁጠሪያ የሚከፍለው ዋጋ አለው።

ስለ ጨረቃም እንዲሁ ነው። ቀላሉ የሰዓት አሠራር 59 ጥርስ ባለው መዘውር ላይ ሁለት ጨረቃ ሥሎ፣ አንዷን ጨረቃ 29 ቀን ከግማሽ ያደርጋታል። እውነተኛዋ ጨረቃ ከዚህ 44 ደቂቃ ያህል ስለምትበልጥ ሥዕሉ በ2 ዓመት ከ8 ወር ገደማ በአንድ ቀን ይስታል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ደግሞ በ19 ዓመት ዙር፣ ሲደመሩ 30 በሚሆኑት በአበቅቴና በመጥቅዕ፣ ያለ አንድ ጥርስ ብረት ይህን ስሕተት ሲያርሙ ኖረዋል።

የሚሞላው እጅ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘመናዊ መንግሥት መሥራች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት፣ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የበረረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን፣ በዚያው ዓመት የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ተከትሎትም ብዙዎቹን አንጋፋ የሙያ ባልደረቦቻችንን ያፈራው የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ፣ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ፣ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዘመናቸው የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ እንደ ሰዓቱ ጥርስ ከሌላው ጋር ተያይዞ የሚዞር ነበር።

ሆኖም የሚሞላው በአንድ እጅ ብቻ ነበር። ሹመቱም፣ በጀቱም፣ ይግባኙም፣ አንዳንዴ የአንድ ተማሪ የውጭ አገር ጉዞ ሳይቀር ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ይቀርብ ነበር። የተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የምርጫ ምክር ቤት አቆመ፤ የሥልጣኑን ሞላ ግን ለሌላ እጅ አላካፈለም። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መታረም ያለበት ነገር መኖሩን አመለከተ። የመሬት ይዞታ ማሻሻያ ለዓመታት ሲረቀቅና ሲነበብ ቆይቶ ሳይጸና ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱም እያረጁ ሄዱ።

ከዚያም የወሎ ረሀብ መጣ። የግሼ ደጋ በሰሜን ከወሎ ጋር ይዋሰናልና ይህ ነገር ለራቤል ሰው ከመጽሐፍ የተነበበ ታሪክ ሳይሆን የጎረቤት ሞት ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ሰዎች ከብታቸው አልቆ ወደ አውራ ጎዳናው ሲወርዱና በየመንገዱ ሲወድቁ፣ የመንግሥቱ ባለ ሥልጣኖች ነገሩን ለመሸሸግ ሞከሩ። ዓለም የሰማው የውጭ አገር የቴሌቪዥን ፊልም ካሳየው በኋላ ነው። በቤተ መንግሥቱ ቀኑ በትክክል ይቆጠር ነበር፤ በጎዳናው ላይ የሚያልቀውን ሕዝብ ቀን ግን የቆጠረለት አልነበረም። የዘመኑን ጥፋት ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መጫን ትክክል አይሆንም፤ ነገር ግን ሁሉን በእጄ ልያዝ ያለ ገዥ፣ ሳይታረም በቀረው ነገር ከተጠያቂነት ሊያመልጥ አይችልም።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የፈነዳው አብዮት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋናቸው አወረደ። ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ነበር። በዓመቱ፣ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ እንዳሉ ሕይወታቸው አለፈ። ዐፅማቸው በምሥጢር ከተቀበረበት ቤተ መንግሥት ግቢ የወጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ ሲሆን፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ። እርሳቸውን የተካው መንግሥት የአገሪቱን ታሪክ እንደ ክሮኖግራፍ ጠቋሚ በአንድ ምት ወደ ዜሮ ለመመለስ ሞከረ። ታሪክ ግን እንደ ቀን መቁጠሪያው ወደፊት ብቻ የሚሄድ በመሆኑ፣ በዚያ ምት ብዙ ጥርስ ተሰበረ።

ሰዓቱ ዛሬ

ሰዓቱ በግንቦት 2009 ዓ.ም. በጄኔቫ ለጨረታ ሊቀርብ ከተሰናዳ በኋላ የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሣበት ከጨረታው ወጣ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ግን እንደገና ቀርቦ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። ገዥው የከፈለው ለወርቁ ብቻ አይደለም፤ ለጥበቡና በይበልጥም ለባለቤቱ ስም ነው። እንዲህ ያለ የአገር ቅርስ በአገሩ ቤተ መዘክር ቢቀመጥ የሚመኝ ብዙ ነው፤ ምኞቱም ተገቢ ነው።

ለእኛ ለባለሙያዎች ግን ከወርቁ ሣጥን ይልቅ በውስጡ ያለው ትምህርት ይበልጣል። ዘላለማዊ የሚባለው መሣሪያ ዘላለማዊነቱ በካሙ ላይ ብቻ አልተመሠረተም። በየዕለቱ የሚሞላው እጅ፣ በየጊዜው ዘይቱን የሚለውጥለት ጠጋኝ፣ አንዱ ጠጋኝ ሲሞት የሚተካው ተማሪ ያስፈልገዋል። በየወረዳው የምንተክለው የውኃ ፓምፕ፣ የምንዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር፣ የምናቆመው ድልድይ ሁሉ በዚሁ ሕግ ሥር ነው። በራቤል ደጋ ላይ የሚተከል ፓምፕ ከከተማ የሄደ አንድ ባለሙያ ብቻ የሚያውቀው ከሆነ፣ ያ ሰው በተዛወረ ዕለት ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ከማንኛውም ሥራ ርክክብ ጋር የጥገናው መመሪያ በአካባቢው ቋንቋ መጻፍ፣ ሁለትና ሦስት የአካባቢው ልጆች መፍታትና መግጠሙን መማር፣ መለዋወጫውም በአቅራቢያ መቀመጥ ይገባዋል። የ13ቱን ወር ሰዓት ንድፍ የሚሞክር ወጣት መሐንዲስ ከመካከላችን ቢነሣ ደግሞ፣ ከሥዕሉ ጎን እንዴት እንደሚጠገን አብሮ እንዲጽፍ አደራ እንላለን።